ከጅማ ተነሥቶ ከባሕር ኤሊዎች ጋር መዋኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ ጨዋማ ውሃ ለማግኘት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የምታስጉዝ ከተማ ናት። እኔም ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ጥቂት ጊዜ ስለተመላለስሁ፣ በሥራ ቦታም ሆነ በሰፈር ቡና ላይ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ እየሆኑ መጡ። ከዚህ በታች ያለው ለእነዚያ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው። ጊዜ የሌለው አንባቢ ስለ ባሕሩ ሙላትና ሽሽት እንዲሁም ስለ ኤሊዋ አቀራረብ የተጻፉትን ሁለቱን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል።

ስኖርክሊንግ ምንድን ነው? ከዳይቪንግስ በምን ይለያል?

ስኖርክሊንግ በውሃው ገጽ ላይ በደረት ተንሳፍፎ፣ ፊትን ብቻ ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ ዓይንንና አፍንጫን በሚሸፍን ማስክ እያዩ፣ ከአፍ ወደ ላይ በምትወጣ አጭር ቱቦ እየተነፈሱ የባሕሩን ወለል መመልከት ነው። በጀርባ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር የለውም፤ ወደ ጥልቀት መውረድም ግዴታ አይደለም። ቱቦዋ ብዙውን ጊዜ ከ40 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። «ረዘም ብትል ኖሮ ጠልቄ እተነፍስባት ነበር» ያለኝ ሰው አለ፤ ነገር ግን ቱቦው በረዘመ ቁጥር ያስወጡት አየር በውስጡ እየቀረ ተመልሶ ይሳባል፣ ደረትም ከውሃው ክብደት በታች ስለሚውል ሳንባ አየር መሳብ ያቅተዋል። ሌላው ልዩነት ለተጓዥ የሚጠቅም ነው፦ በሲሊንደር የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ብዙ ሰዓታት ማረፍ ሲኖርበት፣ በውሃው ገጽ ላይ ሲንሳፈፍ የዋለ ሰው ግን በዚያው ቀን ቢበርም አይጎዳም።

ወዴት ነው የሚኬደው?

ብዙ ቦታ አለ። ከጅማ ለሚነሣ ሰው እኔ አስቀድሜ የምጠቁመው በኬንያ ኪሊፊ ካውንቲ የምትገኘውን ዋታሙን ነው። ከሞምባሳ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከማሊንዲ ደግሞ በስተደቡብ በቅርብ ርቀት ላይ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ስትሆን፣ ከፊቷ ያለው ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ስለተከለለ በክልሉ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ አይፈቀድም። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው፤ የመግቢያ ክፍያው እንደ ዜግነት የሚለያይ ሲሆን የሚከፈለውም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስለሆነ፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ ጀልባው ጋ መድረስ ያጉላላል።

የዋታሙ ውሃ የረጋው ባሕሩ የዋህ ስለሆነ አይደለም። ከባሕር ዳርቻው ወጣ ብሎ፣ ኮራል ከሚባሉ ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረታት የተሠራ ግንብ፣ ማለትም ሪፍ የሚባለው፣ እንደ ግቢ አጥር ተዘርግቷል፤ የሕንድ ውቅያኖስ ሞገድ ከሩቅ እያጓራ መጥቶ እዚያ ላይ ይሰበራል፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ብቻ ነው። በአጥሩና በአሸዋው መካከል ያለው ውሃ ጥልቀቱ መጠነኛ፣ ወለሉም ከፊሉ አሸዋ፣ ከፊሉ ኮራል፣ ከፊሉ ደግሞ የባሕር ሣር የበቀለበት ነው። ኤሊዎቹም ወደዚያ የሚመጡት ስለ ሣሩና ስለ ኮራሉ ሲሉ ነው። ከመንደሯ የባሕር ወሽመጦች አንዱ «የኤሊ ወሽመጥ» የሚል ስም መያዙም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጅቡቲ አትቀርብም ወይ? ሲሸልስና ግብፅስ?

ጅቡቲ ትቀርባለች፤ ኤሊም አታጣም፤ ነገር ግን የጅቡቲ ባሕር ይበልጥ የሚታወቀው ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በሚመጣው ዌል ሻርክ በሚባል ግዙፍ ዓሣ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቁመናው ቢያስፈራም የሚመገበው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። ሲሸልስ ቪዛ የማትጠይቅ፣ አስቀድሞ የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ብቻ የምትፈልግ አገር ናት፤ በዚያ ያሉት ሆክስቢል የተባሉት ኤሊዎች ከጥቅምት እስከ የካቲት በጠራራ ፀሐይ ወደ አሸዋው ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፣ ይህም በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። የሲሸልስ ችግር ወጪው ነው። በግብፅ ከማርሳ አላም በስተሰሜን አቡ ደባብ የሚባል የረጋ ወሽመጥ አለ፤ የባሕር ሣር ሲግጡ የሚውሉ ትልልቅ ኤሊዎች ይታዩበታል፤ ሆኖም ቦታው ከሐሩር ክልል ወሰን አልፎ በስተሰሜን ስለሚገኝ በክረምታቸው፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል።

መቼ ቢሄዱ ይመረጣል?

የኬንያን የባሕር ዳርቻ ወቅት የሚያዙት ሁለት ነፋሳት ናቸው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው በስዋሂሊ ካስካዚ ይባላል፤ በግምት ከኅዳር እስከ መጋቢት ይቆያል። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኩሲ ደግሞ ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ባሕሩን ያናውጣል፣ ውሃውንም ያደፈርሳል። ትልቁ ዝናባቸው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ለጅማ ሰው አንድ እክል አለ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው በክረምት ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ «ሐምሌና ነሐሴ እንሂድ» ይላል፤ ያ ወቅት ደግሞ ኩሲ የሚበረታበት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ባሕሩ መልካም ቢሆንም የቡና ለቀማ ላይ ያለ ሰው ከእርሻውና ከመፈልፈያው አይነቃነቅም፤ ነጋዴውም ቢሆን ከመጋዘኑ አይርቅም። በእኔ ግምት የሁለቱ አቆጣጠር የሚገናኘው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው፦ ቡናው ተሽጧል፣ ኩሲ ገና አልተመለሰም፣ ውሃው ጠርቷል፣ ሙቀቱም ወደ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ ያለ ወፍራም የዋና ልብስ ረጅም ሰዓት ማሳለፍ ይቻላል። ልጆችን ይዞ መሄድ ለሚፈልግ የሚሆነው በግማሽ ዓመት ፈተና ማግሥት ያለው አጭር ዕረፍት ነው።

በቀን ውስጥስ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ያነሰ የሚጠየቅ፣ ከሁሉም የበለጠ ግን ጉዞን የሚያበላሽ ነው። እኛ የምናውቀው ሐይቅና ኩሬ ጠዋት ባለበት ማታም ይገኛል። ባሕር ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በኬንያ ዳርቻ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ከ3 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ጨረቃዋ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን ይቀንሳል። ጠዋት የዋኙበት ቦታ ከሰዓት በኋላ በእግር የሚረገጥ ድንጋይ ሆኖ ሲያገኙት አይደንግጡ።

የኮራሉን መስክ በጀልባ ሄዶ ለማየት የሚመረጠው ሽሽቱ ዝቅተኛው ላይ ከሚደርስበት ሰዓት በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ የውጭው ሪፍ ያን ጊዜ ከውሃው ብቅ ስለሚል ሞገዱን አጥብቆ ይከለክላል፣ ኮራሉም ለዓይን ይቀርባል። ከአሸዋው ተነሥቶ ለመዋኘት ግን ውሃው ሞልቶ ቢገኝ ይሻላል፤ አለዚያ እጅግ ረጅም መንገድ በጉልበት ልክ ውሃ ውስጥ መሄድ ግድ ይሆናል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም፤ ስለዚህ የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል።

ሰንጠረዡን ሲያዩ ደግሞ የእኔን ስሕተት አይድገሙ። በመጀመሪያው ጉዞዬ በማረፊያው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ዝቅተኛው ሽሽት 9፡10 ላይ መሆኑን አንብቤ፣ በለመድሁት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 መስሎኝ፣ ምሳዬን በልቼ ዘና ብዬ ደረስሁ። ወረቀቱ ግን የተጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለነበር እውነተኛው ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ነበር። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ በሽሽትና በሙላት መካከል ያለውም ከ6 ሰዓት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ባሕር ላይ የሀበሻን ሰዓት ከፈረንጅ ሰዓት ያምታታ ሰው ዘገየ አይባልም፤ ተቃራኒውን ባሕር ነው የሚያገኘው። ያን ቀን ያየሁት ጥልቅ፣ የደፈረሰና የሚያወዛውዝ ውሃ ነበር፤ ኮራሉ ከሥር እንደ ጥላ ይታይ ነበር። በጣም ያሳቀኝ ደግሞ በኋላ የሰማሁት ነው፦ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓትን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። ባለ ጀልባውን በስዋሂሊ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ «ሳ ታቱ»፣ ማለትም ሦስት ሰዓት፣ ብሎ በራሴ አቆጣጠር ይመልስልኝ ነበር።

ዋና አልችልም፤ መሄድ እችላለሁ?

በላይፍ ጃኬት፣ በረጋ ውሃና አብሮ በሚዋኝ አስጎብኚ ብዙ ዋና የማይችሉ ሰዎች ኤሊ አይተው ይመለሳሉ። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ሰውነትን ያንሳፍፋል። ይሁንና መንሳፈፍና አለመደንገጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አደጋ የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ በአፍ ብቻ መተንፈስ እንግዳ ሲሆንብን የሚመጣው ድንጋጤ ነው፤ ይህን ደግሞ ባሕር ሳይደርሱ እዚሁ ቤት ማሠልጠን ይቻላል።

ማስክና ስኖርክል ከአዲስ አበባ ገዝተው ወይም ተውሰው፣ ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ለብ ባለ ውሃ ሞልተው በርጩማ ላይ ያስቀምጡ። ማስኩ ይመጥን እንደሆነ ለማወቅ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ለጥፈው በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ፤ ሳይወድቅ ከቆየ ልክዎ ነው። ጢም ያለው ሰው ከንፈሩ በላይ ውሃ ሊገባበት ስለሚችል እዚያ ላይ ጥቂት ቫዝሊን ይቀባ። ከዚያም ፊትዎን ሳፋው ውስጥ አስገብተው በቱቦዋ ቀስ ብለው፣ ከመሳቡ ይልቅ ማስወጣቱን እያስረዘሙ ይተንፍሱ። የመጀመሪያው ሰላሳ ሰከንድ ያስጨንቃል፤ በሦስተኛው ቀን አሥር ደቂቃ ሲቆዩ የቤት ሰዎች መሣቅ ይተዋሉ። በመጨረሻም ቱቦዋን ሆን ብለው ውሃ አስገብተው «ጡ!» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ማስወጣትን ይለማመዱ፤ ባሕር ላይ ትንሽ ሞገድ መጥቶ ቱቦዋን ሲሞላ የሚያድንዎ ይህ ነው። መስተዋቱ በጉም እንዳይሸፈን በምራቅ ወይም በሕፃናት ሻምፖ አሽቶ ማለቅለቅ በቂ ነው።

ልምምዱን ቦዬ ላይ ማድረግ ይቻላል?

አይቻልም። በጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ጉማሬ የሚኖርበት ውሃ ነው። ከጉማሬው ውጭም ቢሆን የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ዳር ዳሩን ሣር የበቀለበት ጣፋጭ ውሃ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይፈልጉ፤ ወይም መንገድዎን በላንጋኖ በኩል ያድርጉት። የባሕር ውሃ ቢልሃርዝያ የለበትም።

የማያቸው ኤሊዎች የትኞቹ ናቸው? እንዴትስ ልቅረባቸው?

በዓለም ላይ ያሉት የባሕር ኤሊዎች ሰባት ዓይነት ሲሆኑ በኬንያ ውሃ አምስቱ ይገኛሉ። እርስዎ የማየት ዕድል የሚኖርዎ ሁለቱን ነው። አረንጓዴዋ ኤሊ ከሁሉም ትበዛለች፤ ስሟን ያገኘችው ከጀርባዋ ድንጋይ (ከቅርፊቷ) ሳይሆን ከሥሩ ካለው ስብ ቀለም ነው፤ ስትጎለምስ ርዝመቷ አንድ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል፤ ምግቧ የባሕር ሣር ነው። ሆክስቢል አነስ ትላለች፤ አፏ እንደ ጭልፊት የሾለ ሲሆን በኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት እየፈለፈለች ትበላለች። አረንጓዴዋ ለብዙ ዓመታት ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ተራ ተመዝግባ ቆይታ፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ከዚያ መዝገብ አውጥቷታል፤ ሆክስቢል ግን ዛሬም ከፍተኛ አደጋ ላይ እንዳለች ናት።

እነዚህ እንስሳት እኛ ሜዳ ላይ ከምናውቃት ኤሊ ጋር ዘመድ ቢሆኑም በጠባይ አይገጥሙም። የባሕር ኤሊ ጭንቅላቷንና እግሯን ወደ ድንጋይዋ መሰብሰብ አትችልም፤ ስለዚህ ስትፈራ የምታደርገው መሸሽ ብቻ ነው። ሳንባ ያላት ስለሆነች አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለባት፤ ስትመገብ በየጥቂት ደቂቃው ትወጣለች፣ አርፋ ስትተኛ ግን ለሰዓታት ታች መቆየት ትችላለች። አንዲት ኤሊ በሰዎች ተባርራ ሳትተነፍስ ስትሸሽ ያላት አየር በፍጥነት ያልቃል፤ ሊጎዳት የሚችለውም ይህ ነው።

ስለዚህ የአቀራረቡ ነገር እንዲህ ነው። ኤሊዋን እንዳዩ ይቁሙ። እግርዎን ማወራጨት ትተው እንደ ቅጠል ይንሳፈፉ፤ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቅ ብለው፣ ከኋላዋ ሳይሆን ከጎኗ ይሁኑ፤ ከኋላ የሚመጣ ነገር ለእርሷ አዳኝ ነው። በውሃ ውስጥ ነገሮች ካሉበት ቀርበውና አንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፈው ስለሚታዩ በዓይን ግምት ይሞኛሉ ብለው አይስጉ፤ ስሕተቱ ወደ ጥንቃቄው ያደላል። በቀጥታ ከበላይዋ አይቁሙ፣ ወደ አየር የምትወጣበትን መንገድ ይዘጋሉና። አይንኩ፣ አያብሉ፣ የካሜራ ፍላሽ አያብሩ። እኔ መጀመሪያ ያየኋትን ኤሊ በደስታ ብዛት ተከትያት፣ በአራት ቅዝፊያ ጠፍታብኝ፣ እኔ ጨው ውሃ ጠጥቼ ስስል ቀረሁ። በሁለተኛው ቀን አስጎብኚው እጄን ይዞ «ቁም» ባለኝ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው፦ ኤሊዋ ከሥራችን ሣሩን በአፏ ጨብጣ እየነጨች፣ አሸዋው በአንገቷ ዙሪያ እንደ አቧራ እየተነሣ፣ ሁለት ትናንሽ ዓሦች ድንጋይዋን እየለቀሙላት፣ ጥቂት ቆይታ ቀና አለች፤ ከእኛ ሁለት እጅ በማትሞላ ርቀት ወጥታ፣ አፍንጫዋን ከውሃው አውጥታ «እፍ» ብላ ተነፈሰች፤ ድምፁ ሽማግሌ ከረጅም ዳገት በኋላ ሲያርፍ የሚያሰማውን ይመስላል። ሦስት ሜትሩን ያፈረሰችው እርሷ ናት፤ ያ ይፈቀዳል።

ይነክሳሉ? ሌላስ የሚያሰጋ ነገር አለ?

ያልነኳት ኤሊ አትነክስም። ይበልጥ ሊጠነቀቁት የሚገባው ከእግር በታች ያለው ነው፦ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በድንጋዮቹ መካከል ይሰፍራል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲሄዱ የጎማ ጫማ ያድርጉ፤ በኮራል ላይ ደግሞ ጫማ አድርገውም ቢሆን አይቁሙ፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው ነገር ሕይወት ያለው ነውና። አንዳንድ ጊዜ ጄሊፊሽ ያጋጥማል። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ። ማንም ሰው ብቻውን አይዋኝ። እግረ መንገዴን ልናገረው፦ አልኮል ጠጥቶ ብቻ ሳይሆን ጫት ቅሞም ባሕር መግባት አይገባም፤ ልብ ምት ይጨምራል፣ ውሃ ጥም ይበረታል፣ ሰውም ድካሙ አይታወቀውም።

ልብስና ፀጉርስ? ሂጃብ የምትለብስ ሴት ትቸገራለች?

አትቸገርም። የዋታሙ ነባር ነዋሪዎች ብዙዎቹ ሙስሊም ስዋሂሊዎች ናቸው፤ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሶ መግባት በዚያ የተለመደ ነው። እንዲያውም ለሁሉም የምመክረው እጀ ረጅም የዋና ልብስ ነው፤ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ አንድ ሰዓት የሚንሳፈፍ ሰው ጀርባውንና ባቱን ፀሐይ ስታቃጥለው አይሰማውም፤ የጠቆረ ቆዳም ይቃጠላል። ልብሱ ከሸፈነ ክሬም መቀባትም ይቀንሳል፤ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያሉባቸው ክሬሞች ኮራልን ስለሚጎዱ ሀዋይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች። ፀጉርን ሹሩባ መሠራት ለማስኩ ማሰሪያ ጥሩ ነው። ቅቤ ግን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ይቁም፤ ማሰሪያው ይንሸራተታል፣ ቅባቱም ወደ መስተዋቱ ሲወርድ በምራቅ አይለቅም።

ጉዞው፣ ሰነዱና ጤናው እንዴት ነው?

ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ መብረር ወይም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በጊቤ በረሃና በወልቂጤ በኩል በመኪና መጨረስ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል፤ ከዚያ ዋታሙ በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ጊዜ ያለውና ገንዘቡን የሚቆጥብ ሰው በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ናይሮቢ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ወደ ሞምባሳ ሊወርድ ይችላል፤ ወገብዎ የሚችል ከሆነ ብቻ። ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አሠራር ከጀመረች ወዲህ ደንቡ ስለተሻሻለ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ከኤምባሲው ይጠይቁ።

የማይቀረው ሰነድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ግን አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል፣ «አሥር ዓመት አልፎታል» ብሎ የሚመልስዎ ሊኖር አይገባም። በባሕር ዳርቻው ወባ ስላለ መከላከያ መድኃኒትና አጎበር ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ከፍታው በመቀነሱ የሚመጣ ሕመም የለም፤ የሚከብደው ሙቀቱና እርጥበቱ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን በጥላ ሥር ያሳልፉት።

ምግቡስ? ጾም ላይ ብንሆንስ?

የካቲትና መጋቢት ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። በኮኮናት ወተት የሚሠራው አደንጓሬ፣ ማሃራጌ ይሉታል፣ ከቻፓቲ ወይም ከሩዝ ጋር ሲበላ ጾመኛን ያጠግባል። ቡናቸውን በተመለከተ የጅማ ሰው ቶሎ አይፍረድ፦ ካሃዋ ቹንጉ የሚሉት ከሲኒያችን በማይበልጥ ኩባያ፣ ዝንጅብል ገብቶበት፣ ያለ ስኳር የሚቀርብ ነው፤ ከባሕር ለወጣ ሰው ይስማማል።

የኤሊ ድንጋይ አምባርና ዛጎል ገዝቶ መምጣት ይቻላል?

ከኤሊ ድንጋይ የተሠራ ማንኛውም ጌጥ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለንግድ የታገደ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ስለሆነች በሁለቱም በኩል ባለው ፍተሻ ያስጠይቃል። ከፓርኩ ዛጎልም ሆነ ኮራል ማንሣት አይፈቀድም። የአሸዋ ስጦታ የጠየቀዎ ልጅ ካለ ፎቶ ያሳዩት።

ሄጄ ኤሊ ባላይስ?

ይሆናል። የዱር እንስሳ በቀጠሮ አይገኝም፤ «ካላያችሁ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ» የሚል ባለ ጀልባ ኤሊዋን በምግብ እያባበለ ወይም እያሳደደ የሚያሳይ ስለሚሆን እኔ እርሱን አልመርጥም። ለዚህ ነው ቢያንስ ሦስት ሽሽት የሚያካትት ቆይታ ይያዝ የምለው። ውሃው በደፈረሰበት ቀን ከመንደሩ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የጌዲ ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ማየት ይቻላል፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የእኛ መልካ ቁንጡሬ በተመዘገበበት በዚያው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

በዚያው በዋታሙ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኤሊ ጥበቃ ላይ የቆየ ድርጅት አለ። ዓሣ አጥማጆች ኤሊ በመረባቸው ሳይታሰብ ሲያዝባቸው ወደ ድርጅቱ ይደውላሉ፤ ሠራተኞቹ መጥተው ይመዝናሉ፣ በክንፏ ላይ ቁጥር ያደርጉላታል፣ ጤነኛዋን ወደ ባሕር ይመልሳሉ፣ የታመመችውን ወደ ማገገሚያቸው ይወስዳሉ፤ ለደወለው ሰውም ለስልኩና ለጊዜው የሚሆን መጠነኛ ክፍያ ይሰጣሉ። ማገገሚያውን መጎብኘት ይፈቀዳል። እኔ በሄድሁበት ቀን አንዲት የተጎዳች ኤሊ በገንዳው ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ ዓይኗ ሥር የሚንቆረቆረውን አይቶ አንድ ሕፃን «እያለቀሰች ነው» አለ። ሠራተኛዋ የባሕር ኤሊ ትርፉን ጨው የምታስወጣው በዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ መሆኑን ነገረችው። ልጁ ግን ጥቂት አሰበና «ታዲያ እኔም ሳለቅስ ጨው ነው የሚወጣኝ» ብሎ ገንዳውን አልለቅም አለ።